የእንቁጣጣሹ ፋኖስ

ኦስሎ ውስጥ ሃውገንስቱዋ በሚባለው ሰፈር፣ የምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ የጋራ የልብስ ማጠቢያ ክፍል አለ፤ ማድረቂያው ማሽን ሥራውን ጨርሶ በሩ ሲከፈት የሞቀ ጥጥ፣ የብናኝና የማሽን ዘይት ሽታ አንድ ላይ ተደባልቆ ፊቴን ይመታኝና፣ እኔ ሰባ ሊሞላኝ ሁለት ዓመት የቀረኝ ሽማግሌ፣ እርጥብ አንሶላ አቅፌ እንደ ሐውልት ቆሜ እቀራለሁ። አባቴ ነው የሚሸተኝ። የሌላ ሰው አባት በትምባሆ ወይም በፈረስ ላብ ይታወስ ይሆናል፤ የእኔ አባት የሚመጣው ከማድረቂያ ማሽን ውስጥ ነው፣ ያውም ሰሌዳው ላይ ስሜን ጽፌ ተራ ከያዝኩ ብቻ። አንድ ጊዜ ስሜን ሳልጽፍ ብገባ፣ ከበላዬ የምትኖረው ኖርዌያዊት አሮጊት የውስጥ ሱሪዎቼን ከማሽኑ አውጥታ፣ አንድ በአንድ አጣጥፋ፣ ጠረጴዛው ላይ በመልክ በመልካቸው ደርድራ ጠበቀችኝ፤ እንደዚያ ያለ የጨዋ ስድብ በዕድሜዬ ሙሉ ተሰድቤ አላውቅም።

ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን ሽታው አይደለም፣ ንዴት ነው። ባለፈው መስከረም መግቢያ ላይ የልጅ ልጄ ቤዛ የትምህርት ቤት ሥራዋን ይዛ ምድር ቤት ድረስ ተከትላኝ ወርዳ፣ ማጠቢያው ማሽን ላይ ወጥታ ቁጭ ብላ፣ እግሯን እያወዛወዘች ታነብልኝ ነበር። ነገሩ ስለ አሜሪካ ከተሞች ነው፤ ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት ፋብሪካ ሲበዛ ከየአገሩ በመርከብ የጎረፈው ድሃ በጠባብ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደተደራረበ፣ በየሰፈሩም አንድ ትልቅ ሰው ተነሥቶ ለዚህ ሥራ እያስገባ፣ ለዚያ ከሰል እየሰጠ፣ ለቅሶውም ላይ እየተገኘ፣ በምርጫ ቀን ድምፃቸውን እንዴት እንደሚሰበስብ፣ የድምፅ መስጫው ወረቀት በየፓርቲው ቀለም ስለነበር ማን ለማን እንደሰጠ ከሩቅ ይታወቅ እንደነበር ታነባለች።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያ ለውጥ ፈላጊዎች መጡና ምርጫው በሚስጥር ሆነ። መጋረጃ ተደረገ። ያ፣ ተስተካከለ።» የእሷ «ያ» አዎ ማለት ነው።

ሳቄ መጣ፤ ደስ የማይል ሳቅ። ቤዛ አኮረፈች። «አያቴ፣ ምን ያስቅሃል? አሜሪካ ነበርክ እንዴ?» አንተ ነው የምትለኝ፤ እኔም ወጣት የሆንኩ ስለሚመስለኝ አላርማትም።

«እኔ አሜሪካ አልነበርኩም» አልኳት፣ «አሜሪካ ግን እኛ ሰፈር ነበረች።»

አባቴ ይመር እኔ ሳልወለድ፣ የጥጥ ፋብሪካ ተከፈተ ሲባል ሰምቶ፣ ከወረኢሉ በእግሩ ተነሥቶ፣ ከአዲስ አበባ ወረድ ብላ በባቡር ሐዲዱ ዳር ወዳለችው ጥጥ በር ወደምንላት ሰፈራችን መጣ። እንደሱ ከየአገሩ የመጣው ሁሉ፣ ከጉራጌውም ከሰላሌውም ከከምባታውም፣ በረድፍ በተሠሩ የጭቃ ክፍሎች ውስጥ ተከራይቶ ይኖር ነበር፤ ክፍሎቹን የለያቸው ግድግዳ ከመሳሳቱ የተነሳ በዚያኛው ክፍል ሰው ሲያነጥስ «ይማርህ» የምንለው እኛ ነበርን። ወንዶቹ በፋብሪካው ጩኸት ይገባሉ፣ በፋብሪካው ጩኸት ይወጣሉ፤ ሲወጡ ቅንድባቸው፣ ጢማቸውና ጆሮአቸው ጥጥ ለብሶ ሁሉም የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ይመስሉ ነበር። እናቴ አባቴን በር ላይ አስቀምጣ ከጸጉሩ ጥጡን ስትለቅም፣ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ አመድ ጸጉሬ ላይ በትኜ «እኔንም ልቀሚኝ» እላት ነበር። አሁን ያለ አመድ ሸብቻለሁ፤ የሚለቅምልኝ ግን የለም።

ፋብሪካው ሰው የሚቀጥረው ዋስ ሲጠራ ነበር። ዋስ ማለት «ይህ ሰው ቢሰርቅ፣ ቢጠፋ፣ ቢያስቸግር እኔ አለሁ» ብሎ የሚፈርም ሰው ነው። ከወረኢሉ በእግሩ የመጣ ሰው ዋስ ከየት ያመጣል? ከባሻ ደምሴ ነበር የሚያመጣው። ባሻ የእነዚያ ክፍሎች ጠባቂ ነበር፤ ቤቶቹ አዲስ አበባ የምትኖር የአንዲት ወይዘሮ ሲሆኑ እሱ ኪራይ ሰብሳቢዋ ነበር፣ ጥጥ በር ውስጥ ግን ንጉሥም ጳጳስም እሱ ነበር። ለግማሹ ሰፈር ዋስ እሱ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚያመጣው እሱ ነው፣ የተጣላ የሚያስታርቀው እሱ ነው። በምላሹም እሑድ እሑድ ግቢውን የሚያርሙለት፣ አጥሩን የሚያጥሩለት፣ በቅሎውን የሚያጥቡለት ዋስ የሆነላቸው ሰዎች ነበሩ። መንገድ ላይ ሲያገኛቸው በትሩን አንሥቶ ትከሻቸውን መታ መታ እያደረገ «አንተ የማን ነህ?» ይላል። «የርስዎ ነኝ፣ ባሻ» ይላሉ። እንደ ቀልድ ነበር የሚባለው፣ ይሳቅበትም ነበር። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ፣ የጥጥ ቅንድቡን ዝቅ አድርጎ «የርስዎ ነኝ» ሲል የሰማሁ ቀን ግን፣ ያኔ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ሆዴ ውስጥ የነደደው ነገር እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ ሐኪሜ ጨጓራ ነው ይለኛል፣ እኔ ባሻ ደምሴ ነው እለዋለሁ።

በበጋ ወንዛችን ሲቀጥን ቀለሙ ይወፍር ነበር። ፋብሪካው የማቅለሚያውን ፍሳሽ የሚለቀው ወደዚያው ስለነበር፣ ዛሬ ምን ዓይነት ጨርቅ እንደተሠራ የምናውቀው ከወንዙ ነው፤ እኛ ልጆች ጠዋት ጠዋት ዳሩ ላይ ተሰልፈን «ሰማያዊ!» «የለም፣ ቀይ!» እያልን በብይ እንወራረድ ነበር። እኔ ተወራርጄ የተሸነፍኩ ቀን እስከ ጉልበቴ ገብቼ ሰማያዊ እግር ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩና፣ መምህሩ ከሰልፍ አውጥተው «ይህ የእናንተ ጓደኛ ከወገቡ በታች ሰማይ ሆኗል» ብለው አሳቁብኝ። እናቴ ለመጠጥ የሚሆነውን ከላይ ካለው ምንጭ ታመጣ ነበር፤ ለመሄድና ለመመለስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ክረምት ሲገባ ግን መንገዱ ጭቃ፣ ጅረቱም ደራሽ እየሆነ ምንጩ ጋ መድረስ ስለማይቻል፣ ወንዙም በዝናቡ ብዛት ቀለሙ ፈዝዞ ንጹሕ ስለሚመስል፣ ሰፈሩ ሁሉ ከዚያ ቀድቶ ይጠጣ ነበር።

አሥር ዓመት በሞላኝ ክረምት ታናሽ እህቴ ጥሩወርቅ ታመመች። ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ዳቦ «ባቦ»፣ እኔን ደግሞ «አታ» ትለኝ ነበር፣ ምን ማለት እንደሆነ እሷ ብቻ ታውቃለች። ተቅማጡ በጀመራት በሦስተኛው ቀን ድሬሰሩ አቶ ወርቁ በዝናብ ውስጥ ሱሪያቸውን ሰብስበው መጡ። ድሬሰር ያኔ ቁስል የሚጠርግ፣ መርፌ የሚወጋ የክሊኒክ ሰው ነው፤ ለእኛ ግን ከሐኪም ሁሉ የሚበልጡ ሐኪማችን ነበሩ። የተቻላቸውን አደረጉ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ጥሩዬ ሞተች። አቶ ወርቁ በራችን ላይ ቆመው፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ «ይህችን ልጅ የገደላት ውሃው ነው። እግዜርን አታማሩ፣ እግዜር ቀለም አይነክርም» አሉ። ባሻ ደምሴ ድንኳኑን አስተከለ፣ ሦስቱንም ቀን ተቀምጦ አለቀሰ፣ ከልቡ ነው ያለቀሰው፣ አልዋሽም። በሦስተኛው ቀን ሊሄድ ሲነሣ አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ባሻ። የርስዎ ነኝ» አለው። ልጁን ቀብሮ ሦስት ቀን ሳይሞላው። ይህን ስጽፍ እንኳ እርሳሴን ሰበርኩት፤ ደግነቱ የቤዛ እርሳስ ነው።

በዚያው ክረምት ሕዝቡ እንደራሴውን ራሱ መርጦ ወደ ፓርላማ ይላክ ተባለ። ለአገሩም ለእኛም የመጀመሪያ ነበር። ማንበብ የሚችል ጥቂት ስለሆነ ለየተወዳዳሪው ምልክት ተሰጠ፤ አቶ ወርቁ «ጥጥ በር ቦኖ ውሃ ያስፈልጋታል» ብለው ተነሥተው ፋኖስ ደረሳቸው፤ የባሻ ሰው ደግሞ ያቺ የቤቶቹ ባለቤት ወይዘሮ ወንድም ነበር፣ ሰፈራችንን በባቡር መስኮት ካልሆነ አይቷት የማያውቅ፣ ምልክቱም ጃንጥላ ሆነ። ባሻ በየክፍሉ እየዞረ «ጃንጥላ ነው፤ ዝናብ የመታው ሁሉ ከሥሩ ይግባ» ይል ነበር።

አንድ ቀን ከራት በኋላ አባቴ ለእናቴ በሹክሹክታ «እኔስ ለፋኖሱ ነው የምሰጠው። ስለ ጥሩወርቅ» አላት። ችግሩ፣ ሃያ የሽመና ማሽን ሲጮህበት የዋለ ሰው ሹክሹክታ አያውቅም። አባቴ የሚያንሾካሹከው ሌላው ሰው ከብት በሚጣራበት ድምፅ ነበር። እናቴ ነጠላዋን አፉ ላይ አፈነችው። ከግድግዳው ማዶ ጎረቤታችን ማሞ «ጋሽ ይመር፣ እኛ ተኝተናል፣ ምንም አልሰማንም» አለ፤ ከሱ ማዶ ያለው ደግሞ «እኛም» አለ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም አፉን አልከፈተም። አባቴን የሸጠው በዚያ ረድፍ ውስጥ ካሉት ሁሉ ብልኁ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችለው፣ የመንደሩ ሠዓሊ ነበር። እኔ።

በእንቁጣጣሽ ወንዶች ልጆች ሥዕል ሥለን በየቤቱ እያዞርን «እንቁጣጣሽ!» እያልን እንሰጥ ነበር፤ የተሰጠው ሰው ሳንቲም ወይም ዳቦ ይሰጠናል። ሁሉም የሚሥለው ያው ፀሐይ፣ አበባና ዓይኑ የፈጠጠ መልአክ ነበር። እኔ ግን በዚያ ዓመት ከፋብሪካው አጥር ሥር በለቀምኩት የቀለም ዝቃጭ ፋኖስ ሣልኩ። ወረቀት እስኪያልቅብኝ ድረስ ፋኖስ ብቻ፤ መስታወቱ፣ እጀታው፣ ውስጡ የሚነደው እሳት ሳይቀር። አባቴን የማስደስት መሰለኝ። ለጥሩዬም የሆነ ነገር ያደረግሁ መሰለኝ። በየክፍሉ አዳረስኩ፤ ሰዉ ያይና ቶሎ አጥፎ ብብቱ ውስጥ ይከታል፣ እኔ ከውበቱ ብዛት የደበቁት መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ያኔ ቢበቃኝ ምን ነበረበት? ባሻ ከሁሉ የበለጠ ሳንቲም ይሰጣል ይባል ነበር። ሄድኩ።

ባሻ ደምሴ ሥዕሉን በሁለት እጁ ይዞ ራቅ አድርጎ፣ ቀረብ አድርጎ አየው። «ማን ነው የሣለው?»

«እኔ ነኝ!»

«ጎበዝ። አንተ የማን ነህ?»

የርስዎ ነኝ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን አምርሬ ስጠብቀው የነበረ ጥያቄ ስለሆነ፣ ተረከዜን አንሥቼ፣ «የይመር ነኝ!» አልኩ።

ሳቀ። ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ ትልቁን ሳንቲም ሰጠኝ።

በማግስቱ ቤታችን መጥቶ፣ ባለችን አንድ ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ሥዕሉን ከካፖርቱ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። አልተቆጣም። «ይመር፣ የምርጫው ቀን አብረን እንሄዳለን። መንገዱ ጭቃ ነው፣ አንሸራትቶ እንዳይጥልህ እይዝሃለሁ። ዋስህ አይደለሁም?» አለ። ባሻ ሥዕሉን ዱካው ላይ ትቶ ወጣ፤ እኔ አልጋ ሥር ገባሁ። አባቴ በእግሬ ጎትቶ ሲያወጣኝ ቀበቶውን እየጠበቅሁ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሱ ግን ሥዕሉን አንሥቶ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደና፣ በዚያ በማይንሾካሾክ ድምፁ፣ «ያምራል። እሳቱን እንዴት አድርገህ ሣልከው?» አለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም፣ እስኪሞት ድረስ። ምነው በገረፈኝ! የተገረፍኩበት ሁሉ ድኗል።

በምርጫው ቀን፣ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ በትምህርት ቤታችን ክፍል ውስጥ ምልክት የተለጠፈባቸው ሳጥኖች በተርታ ተቀምጠው፣ በፊታቸው ነጭ የአቡጀዲ መጋረጃ ተጋርዶ ነበር። አቡጀዲው የፋብሪካችን ነው፤ አባቴ ራሱ የሸመነው ሊሆን ይችላል። ባሻ የመጋረጃውን ጫፍ በበትሩ ከፍ አድርጎ ይዞ ቆሟል፤ ሲጠየቅ «ለብርሃን ነው፣ ውስጡ ይጨልማል» ይላል። እኔ በሰው እግር መሀል ሾልኬ አየሁ። አባቴ ወረቀቱን ይዞ ፋኖሱ ፊት ቆመ። ቆየ። ወደ ባሻ አልዞረም፣ ወደኛም አልዞረም፤ ከዚያ እጁ ብቻዋን የሄደች ይመስል ጃንጥላው ሳጥን ውስጥ ወረቀቱን ጣለች። ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ወንዙ ወረደና እጁን ይታጠብ ጀመር። ወንዙ የዚያን ቀን አረንጓዴ ነበር። ንጹሕ ሆና የገባች እጅ አረንጓዴ ሆና ወጣች፤ ደግሞ አጠባት፣ ደግሞ አረንጓዴ ሆነች፤ እኔ ዳሩ ላይ ቆሜ «አባዬ፣ በቃህ» ለማለት አፌ አልታዘዝልኝ አለ።

ጃንጥላው አሸነፈ። ይህ ሁሉ ሆኖ ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ምናልባት ዛሬ ተረጋግቼ እጽፈው ነበር። ጥቅምት ሲጠባ ግን ባሻ ደምሴ ፋብሪካው ቢሮ ሄዶ ለአባቴ የገባውን ዋስትና አነሣ። አባቴ ባርኔጣውን ይዞ «ባሻ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ እኮ» ቢለው፣ «አውቃለሁ ይመር፣ ካንተ ጋር ጠብ የለኝም። ለሌላው ትምህርት እንዲሆን ነው» አለው። አቶ ወርቁ «እኔ ዋስ እሆነዋለሁ» ብለው ቢሮው ድረስ ሄዱ፤ ፊርማቸውን አንቀበልም ተባሉ፤ ምክንያቱን የነገራቸውም የለም። እሳቸውም በጥር ከሰፈራችን ለቀው ሄዱ። አባቴ ባቡር ጣቢያ ተሸካሚ ሆነ፤ ያንኑ የጥጥ ጥቅል፣ ሸምኖ ሲያወጣው የኖረውን ጨርቅ፣ በጀርባው እየተሸከመ ፉርጎ ላይ ይጭን ነበር። ከማሽኑ ጩኸት ስለራቀ ጆሮው ቀስ እያለ ተመለሰለት፤ ድምፁ ግን አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ አባቴ ሹክሹክታ ቻለ።

በቀጣዩ በጋ ቦኖ ውሃ መጣልን። ጃንጥላው አመጣው አሉ። ቦኖው የተተከለው ባሻ ደምሴ አጥር በር ላይ ነበር፣ ትልቅ ጓጉንቸር ተበጅቶለት፣ ቁልፉም በባሻ ወገብ ላይ ታስሮ። እናቴ እንስራዋን ይዛ ስትሰለፍ፣ ቁልፉን እያንቃጨለ «የማን ነሽ?» ይላት ነበር። እሷ መልስ አትሰጥም ነበር፤ ወደ ሩቁ ምንጭ ትሄድ ነበር፣ ክረምት ክረምት ሳይቀር፣ እየወደቀች።

ዓመታት አልፈው አብዮቱ መጣ። ትርፍ ቤት ተወረሰ፣ ቀበሌ ተቋቋመ፣ ከእንግዲህ ድሃ ራሱን ያስተዳድራል ተባለ። እኔ ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ጸጉሬን አጎፍሬ፣ መጽሐፍ በብብቴ ይዤ፣ ዓለም የተስተካከለች መስሎኝ ስብሰባው ላይ ከአባቴ ጎን ቆምኩ። ለሊቀመንበርነት ማን ተጠቆመ? ቤቶቹ የወይዘሮዋ ስለነበሩ ከእሱ ምንም አልተወረሰም፤ ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ አሥሮ፣ «እኔም የቤት ጠባቂ ጭቁን ነበርኩ» እያለ፣ ጓድ ደምሴ! ምርጫው በግልጽ፣ እጅ በማውጣት ነው። መጋረጃ እንኳ አላስፈለገም። ሰፈሩ ሁሉ እጁን አወጣ። አባቴ እጁን ጋቢው ውስጥ እንደሸጎጠ ቆመ። «ጋሽ ይመር፣ እጅ!» ሲሉት፣ «ይህች እጅ አንድ ጊዜ መርጣለች። ከዚያ ወዲህ አላምናትም» አለ። እኔስ? እኔ ያ ተረከዙን አንሥቶ «የይመር ነኝ» ያለው ጀግና፣ እጄን አወጣሁ። ሁለቱን ቢሉኝ ሁለቱንም አወጣ ነበር።

እንግዲህ ቤዛ «ተስተካከለ» ስትል የሳቅሁት ለዚህ ነው።

እዚህ ኦስሎም በመስከረም የኮሙኑ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ ምርጫ ነበር፤ እንቁጣጣሽ በዋለ በሁለተኛው ቀን። አንድ የአገራችን ሰው፣ ስሙን ትቼ ባሻ ሁለተኛ ልበለው፣ ትሮስተሩድ ሰፈር የሚኖር፣ የአንድ ጽዳት ድርጅት ፎርማን ነው። ለግማሾቻችን ሥራ ያስገባን እሱ ነው፤ እኔንም ጡረታ እስክወጣ ወለል ያስወለወለኝ፣ ለቅሶም ላይ የማይቀር፣ እስከ ዛሬ «አባባ» እያለ ትከሻዬን የሚስም ሰው ነው። በአንድ ፓርቲ የዕጩዎች ዝርዝር ታች ላይ ስሙ ገብቶለት ነበርና ለሁላችንም በስልክ መልእክት ላከ፤ በስሙ አጠገብ ምልክት አድርጉ፣ ከመጋረጃው ሳትወጡ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ፣ እኔም ማን ወገኔ እንደሆነ ልወቅ ይላል። ልጄ ሂሩት፣ የቤዛ እናት፣ እሱ ሥር ነው የምትሠራው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በትርፍ ሰዓትና በምትክ ስትንከራተት ኖራ፣ በዚያ ወር ቋሚ ቅጥር እንደሚሰጣት ነግሯት ነበር።

«አባዬ» አለችኝ በዋዜማው፣ ዓይኔን ሳታይ፣ «ምን ይጎድልብሃል? አንድ ፎቶ ነው እኮ።»

ለልጄ የጥሩዬን፣ የሥዕሉን፣ የአረንጓዴውን እጅ ታሪክ ነግሬያት አላውቅም ነበር፤ ማን ራሱን ለልጁ ይከሳል?

መጋረጃው ውስጥ ገባሁ። እስከ ወለሉ የሚደርስ ጥሩ መጋረጃ ነው፣ በትር ይዞ የሚያነሣውም የለም። ስልኬን አወጣሁ። የፈለግሁትን መረጥኩ፣ ማንን እንደሆነ ለእናንተም አልነግራችሁም። ከዚያ ቤዛ በእንቁጣጣሽ ካልሣልክልኝ ብላ አስጨንቃኝ በእሷው እርሳስ የሣልኩት ፋኖስ ኪሴ ውስጥ ነበርና፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ እሱን ፎቶ አነሣሁና ላክሁለት። ወዲያው መለሰ፤ «አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ይላል። «ምርጫዬ» ብዬ ጻፍኩለትና እንደ አሥር ዓመት ልጅ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ ግን ትዝ አለኝ። የሂሩት ቅጥር! ያን ጊዜ አባቴን፣ ዛሬ ልጄን፤ ያው ፋኖስ፣ ያው ጅል ሠዓሊ።

ሦስት ቀን ሳልነግራት ሸሸኋት። በአራተኛው ቀን ማጠቢያ ክፍሉ ድረስ ወረደች፤ አንሶላውን በአንድ ጫፍ እሷ፣ በአንድ ጫፍ እኔ ይዘን እያጠፍን ሳለ ነገርኳት፣ ከሥዕሉ ጀምሬ፣ ከእህቴም ጀምሬ። አልጮኸችብኝም። አንሶላው መሀላችን ላይ እንደተወጠረ ቆመች።

«አባዬ፣ እኔ እኮ ላክሁለት» አለችኝ። «እውነተኛውን። የምርጫው ዕለት ጠዋት፣ ወደ ሥራ ስሄድ።»

«ታዲያ ቅጥሩ...»

«ለሌላ ሰው ሰጠው። ትናንት። ‹ካንቺ ጋር ምንም ጠብ የለኝም› አለኝ።» እጇን ቀሚሷ ላይ ትጠርግ ጀመር፤ የጽዳት መድኃኒት ያደረቃት እጇ ቀሚሱን እየያዘ ይንኮሻኮሽ ነበር፣ ደግማ ጠረገቻት፣ ደግማ።

በዚያች ሰዓት ልሳደብ ፈልጌ ነበር፣ ስድብም አላጣም። ግን ከስልሳ ዓመት በፊት ወንዝ ዳር ያጣሁት ቃል መጣልኝ። «በቃሽ፣ ልጄ» አልኳት። «እጅሽ ንጹሕ ናት።» እጇን ያዝኩት። ቆይታ ሥዕሉን አሳየኝ አለችኝ። ከስልኩ ላይ አሳየኋት። አፍንጫዋን እየሳበች ወደ መብራቱ ጠጋ አድርጋ አየችው።

«ያምራል» አለች። «እሳቱን እንዴት አድርገህ ሣልከው?»

ታሪኩን ስነግራት ይቺን አንዷን ነገር፣ የአባቴን ቃል፣ አልነገርኳትም ነበር።

ያን ጊዜ ጥጥ በር ውስጥ ውሃ የሚከፈተው በአንድ ሰው ወገብ ላይ በታሰረ ቁልፍ ነበር፣ ዛሬ በወጥ ቤቴ ቧንቧው እስኪሰለቸኝ ይፈሳል፤ ያን ጊዜ ወንዙ በየቀኑ ቀለሙን ይለዋውጥ ነበር፣ እዚህ ያለው ወንዝ ታች ድንጋዩ ይታያል፤ ያን ጊዜ መጋረጃውን የሚያነሣው ሌላ ሰው ነበር፣ ዛሬ ያንን ሰው በኪሳችን ይዘነው እንገባለን። ቤዛ ሥራዋን ከማስረከቧ በፊት ስለ ሰፈራችን አንዳንድ ነገር ጠየቀችኝና «ተስተካከለ» የሚለውን ሰረዘች፤ በምትኩ ምን እንደምትጽፍ ብዙ አሰበች፣ እኔም አልረዳኋትም። እርሳሷን እያኘከች ስታስብ እኔ የማድረቂያውን በር ከፈትኩ፣ አባቴም እንደ ወትሮው ወጣ፣ ጥጥ ለብሶ።